ጭምብሉ አልወልቅ ሲል

በክፍላችን አንድ ስክሪፕት ሲናቅ «የልጅ ፊልም አስመሰልከው» ይባላል። ከዚህ የከፋ ስድብ የለንም። እኔ ግን ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግኩት ስለ ለየለት የልጅ ፊልም ነው፤ ያውም የጎማ ጭምብል፣ አረንጓዴ ደምና እንደ ሰው የሚሳደብ የእንጨት አሻንጉሊት ስላለበት ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ። ስሙ «ጉዝባምፕስ» ነው። ቃሉ ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲበርደው ቆዳው ላይ ችፍ የሚለውን ነገር ይመለከታል፤ እኛ «ሰውነቴን ውርር አደረገኝ» የምንለውን ማለት ነው። ከእናንተ መካከል ያየው ይኖራል፣ ስሙን ሰምቶ የማያውቅም ይኖራል። ላላየው እየተረክኩ፣ ካየው ጋር ደግሞ እየተከራከርኩ ለመሄድ እሞክራለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመጽሐፍ ነው። ደራሲው አር. ኤል. ስታይን ይባላል፤ በ1943 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ የተወለደ ሰው ነው። አስፈሪ ታሪክ ከመጻፉ በፊት እንጀራው ማሳቅ ነበር። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የተማሪዎቹን የቀልድ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። ቆይቶም ስኮላስቲክ በሚባለው አሳታሚ ድርጅት ውስጥ «ባናናስ» የተባለ የወጣቶች የቀልድ መጽሔት አዘጋጅ ሆነ። ለልጆች የቀልድ መጻሕፍት ሲጽፍ የሚጠቀምበት ስም እንኳን «ጆቪያል ቦብ ስታይን» ነበር፤ ደስተኛው ቦብ እንደማለት። የጉዝባምፕስ የመጀመሪያው መጽሐፍ በጁላይ 1992 ወጣ። ያ የመጀመሪያው ተከታታይ በ1997 ሲያበቃ 62 መጻሕፍት ነበሩት። እስኪ አስሉት፦ በአምስት ዓመት ተኩል 62፣ በወር አንድ ገደማ መሆኑ ነው! እኛ አንድ ተርም ፔፐር በሴሚስተር አልደርስ ብሎን ቀን ይጨመርልን እያልን እንለምናለን።

አሠራሩም ከተማርነው ውጪ ነው። ስታይን በየቃለ ምልልሱ እንደሚናገረው መጀመሪያ የሚያገኘው ርዕሱን ነው፤ ታሪኩን ከርዕሱ ጀርባ ሄዶ ይፈልገዋል። ቁምነገር ለማስተማር እንደማይጽፍም ሳያፍር ይናገራል፤ ልጁ ይፍራ፣ ይሳቅ፣ ገጹን ይግለጥ፣ በቃ። ይሄን አባባሉን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስታይን ልጅ እያለ አሜሪካ ውስጥ አስፈሪ የሥዕል መጽሔቶች እንደ ጉድ ይሸጡ ነበር። እሱም ፀጉር ሊቆረጥ ሲሄድ ፀጉር ቤት ቁጭ ብሎ ያነባቸው እንደነበር ይናገራል። በ1954 ግን ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ሴኔት ደረሰ፤ መጽሔቶቹ ልጆችን ያባልጋሉ ተብሎ ምርመራ ተካሄደ፤ አሳታሚዎቹም ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። አስፈሪዎቹ መጽሔቶች ከገበያ ጠፉ። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ያኔ ፀጉር ቤት ቁጭ ብሎ ያነብ የነበረው ልጅ በወር አንድ መጽሐፍ እያወጣ ለሌሎች ልጆች መለሰላቸው። የተከለከለ ነገር የሚሄድበት መንገድ ይገርማል።

ቴሌቪዥኑ የመጣው በኦክቶበር 1995 መጨረሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ በፎክስ ኪድስ፣ ካናዳ ውስጥ በዋይ ቲ ቪ ታየ። እስከ ኖቬምበር 1998 ድረስ በ4 ሲዝን 74 ክፍሎች ተሠሩ። የአሜሪካ ታሪክ ቢመስልም የተቀረፀው በአብዛኛው ቶሮንቶና አካባቢዋ ነው፤ ልጆቹ ተዋንያንም ብዙዎቹ ካናዳውያን ናቸው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ራያን ጎስሊንግ በ1996 የክፉ ካሜራ ባለቤት የሚሆነውን ልጅ ተጫውቷል። በ«ስታር ዎርስ» የምናውቀው ሄይደን ክሪስተንሰንም በልጅነቱ አንዱ ክፍል ላይ አለ። ስለዚህ «የልጅ ፊልም» ብሎ የሚንቅ ተዋናይ ካለ እነዚህን ሁለት ስሞች ያስታውስ።

እኔና አብሮ አደጎቼ ያየነው ዘመድ ከአሜሪካ ባመጣው የቪዲዮ ካሴት ነው። እንግሊዝኛችን አይበቃም ነበር። ከመካከላችን ትልቁ ልጅ ይተረጉምልን ነበር፤ ግማሹን ከራሱ እየፈጠረ እንደነበር ያወቅኩት መጽሐፎቹን ሳነብ ነው (ለነገሩ አንዳንዱ የሱ ፈጠራ ከደራሲው ይሻላል)። ቤቱ ምድር ቤት እንዲኖረው፣ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን በጨለማ ደረጃ እንዲወረድ፣ ልጆች ጭምብል አድርገው ማታ ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ እንዲለምኑ፣ ይሄ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነበር። ፍርሃቱ ግን እንግዳ አልነበረም። ቋንቋውን ሳናውቅ የፈራነው ምኑን ነው? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ጥያቄ እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል እንውሰድ፤ «መንፈስ ያደረበት ጭምብል» ልንለው እንችላለን። ካርሊ ቤት የምትባል ልጅ አለች። ፈሪ ናት፣ የተነገራትን ሁሉ ታምናለች። ሁለት የትምህርት ቤቷ ልጆች ሁሌ ያስደነግጧታል፤ ሳንድዊቿ ውስጥ ትል ከተው እስከማብላት ይደርሳሉ፣ ተማሪው ሁሉ ይስቃል። እናትየው ደግሞ ለልጇ ሁለት ነገር ሠርታላታለች። አንዱ ለበዓሉ የሚለበስ የዳክዬ ልብስ ነው። ሌላው በጄሶ የተሠራ የልጅቱ የራሷ ራስ ነው፤ ፊቷን ቁርጥ የሚመስል። ልጅቱ ዳክዬ መሆን አልፈለገችም። በቀል ነው የፈለገችው። አንድ ሱቅ ጓዳ ገብታ ባለሱቁ አልሸጥም ያለውን እጅግ አስቀያሚ ጭምብል ይዛ ትወጣለች።

አሁን ልብ በሉ። ጭምብሉን ስታደርግ መጀመሪያ የሚሰማት ደስታ ነው። ድምጿ ይለወጣል፣ ይጎረንናል። ያስፈራሯት የነበሩት ልጆች ይፈሯታል። ቁጣዋ አቅም አገኘ፤ እኛም ካሴቱ ፊት ቁጭ ብለን «እሰይ!» ብለናል። ከዚያ ማታ ከጓደኛዋ ጋር ሆና ልታወልቀው ስትሞክር ጭምብሉ የሚያልቅበትና አንገቷ የሚጀምርበት መስመር የለም። ጣት የሚገባበት ክፍተት ጠፍቷል። ጎማው ቆዳ ሆኗል።

እስኪ የቱ ባለሙያ ነው ይሄንን ለ10 ዓመት ልጅ በሌላ መንገድ የሚያስረዳው? ቁጣን ለአንድ ማታ ብለህ ታጠልቀዋለህ፣ ጠዋት ፊትህ ሆኖ ታገኘዋለህ። ማንም ይሄን በቃል አይናገርም ድራማው ውስጥ። መምህር መጥቶ «ልጆች፣ በቀል መጥፎ ነው» አይልም። እጇ አንገቷን ሲዳብስ፣ መስመሩን ሲያጣው እናያለን፤ በቃ። ቋንቋውን የማናውቀው እኛም የገባን ለዚህ ነው፤ ሁሉም ነገር ያለው እጇ ላይ ነው።

መፍትሔውም የሚገርም ነው። ባለሱቁ እንደሚነግራት ጭምብሉ የሚወልቀው በፍቅር ምልክት ብቻ ነው። የትኛው የፍቅር ምልክት? ያ እናትየው የሠራችው የጄሶ ራስ ነው። ድሮ ፊቷን አይቶ የወደደ ሰው ነበር፤ የወደደውንም ፊት ቀርፆ አስቀምጦላታል። እናትየዋ እዚያ ትዕይንት ላይ የለችም፣ ምንም አትናገርም፤ የእጇ ሥራ ግን ልጇን ያድናታል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደ ቤት ዕቃ ያየነው ነገር መጨረሻ ላይ ቁልፍ ሆኖ ይመጣል። በድርሰት ክፍል ስንት ጊዜ ነው ስለዚህ የምንማረው! ይሄ ሰው በወር አንዴ የሚያመርተው «ርካሽ» መጽሐፍ ውስጥ አድርጎታል። ታሪኩ ግን እዚያም አይቆምም፤ ካርሊ ቤት ቤቷ ገብታ እፎይ ስትል ትንሽ ወንድሟ ጭምብሉን አጥልቆ ብቅ ይላል። ያልቃል። ማን ያወልቅለታል? ዝም።

ሌሎቹን ክፍሎች ሁሉ እንዲህ ልተርክላችሁ አልችልም፣ ሁሉም ይሄን ያህል ጥሩም አይደሉም። ግን አንድ የሚያገናኛቸው ነገር አለ፤ ከጭራቁ ይልቅ የሚያስፈራው አዋቂው ነው። «ምድር ቤቱ ጋ ድርሽ እንዳትሉ» የሚለውን ተመልከቱ። አባትየው የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ ከሥራው ተባሯል፣ ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ተዘግቶ ይውላል። ልጆቹ ቀስ በቀስ የሚያዩት ነገር የአትክልት ምግብ ሲበላ፣ ራሱ ላይ በፀጉሩ ፋንታ ቅጠል ሲበቅል፣ ሲቆረጥም አረንጓዴ ሲደማ ነው። በመጨረሻ ሁለት አባት ይሆናሉ፤ ልጅቱ እውነተኛው የቱ እንደሆነ መምረጥ አለባት። መረጠች፣ ትክክል ነበረች ብለን ስንተነፍስ፣ በመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይ አንዲት አበባ እውነተኛው አባትሽ እኔ ነኝ ብላ በሹክሹክታ ትነግራታለች። ሥራ ያጣ፣ በሩን የሚዘጋ፣ ሲያናግሩት የሚቆጣ አባት የስንቶቻችን ቤት ውስጥ አለ? ቅጠሉን አውልቃችሁ እዩት፤ ታሪኩ ያው ራሱ ነው። ልጅ የሚፈራው አባቱ ጭራቅ ይሆናል ብሎ ላይሆን ይችላል፤ አባቱን አላውቀውም ብሎ ነው።

በብዙዎቹ ክፍሎች ልጁ አንድ ነገር አይቶ ለወላጆቹ ይናገራል፣ እነሱም አያምኑትም። «ጭራቅ ነው ብላ የጮኸችው ልጅ» ውስጥ ልጅቱ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጭራቅ እንደሆነ በዓይኗ ታያለች፤ ድሮ ጭራቅ አየሁ እያለች ስለምትቀልድ ማንም አይሰማትም። መጨረሻው ግን የእረኛውና የተኩላው ተረት አይደለም። ወላጆቿ ራሳቸው ጭራቆች ናቸው፤ ሰውየውን እራት ጋብዘው ይበሉታል! መቼም እንዲህ ያለ የምክር ተረት ሲገለበጥ አይቼ አላውቅም። የዋሸች ልጅ ተቀጣች ተብሎ እንዲያልቅ የጠበቀ ሁሉ አፉን ይይዛል።

አሁን ወደ ሙያችን። መጽሐፍን ወደ ስክሪን መመለስ ላይ የሚሠሩ ጓደኞቼ ይህን ይመልከቱልኝ። የስታይን መጽሐፍ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በድንጋጤ ያልቃሉ፤ ገጹ ሲገለጥ ደግሞ ያስደነገጠው ድመት ወይም ወንድም ሆኖ ይገኛል። የቴሌቪዥኑ ክፍል ከማስታወቂያው ውጪ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። የምዕራፉን መጨረሻ ማስታወቂያው ወሰደው፤ ድንጋጤው መጥቶ ፊልሙ ይቋረጣል። እንደተሰፋ ልብስ ልክክ ብሏል። የከበደው ሌላው ነገር ነው። መጽሐፎቹ ብዙዎቹ «እኔ» እያለ በሚተርክ ልጅ አንደበት የተጻፉ ናቸው፤ ፍርሃቱ ያለው ልጁ ለራሱ በሚያወራው ውስጥ ነው። ካሜራ ይሄን አያገኘውም። ስለዚህ ጠባብ ጊዜ የተሰጣቸው ክፍሎች ሩጫ ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ እንደ ጭምብሉና እንደ ምድር ቤቱ በሁለት ክፍል የተሠሩት ግን ልጁ ዝም ብሎ የሚያይበት ጊዜ አላቸው። ልዩነቱ የበጀት ሳይሆን የዝምታ ነው እላለሁ።

ጥሩ የመቁረጥ ምሳሌም አለ። የተከታታዩ ታዋቂ ክፉ ስላፒ የተባለው የእንጨት አሻንጉሊት ነው፤ ተዋናዩ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አሻንጉሊቱ የተናገረ እያስመሰለ የሚጫወትበት ዓይነት። በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ግን ዋናው ክፉ እሱ አይደለም፣ ሌላ አሻንጉሊት ነው፤ ስላፒ ተራው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ያንን መጽሐፍ ጭራሽ ትቶ ከሁለተኛው ጀመረ፣ ስላፒንም ኮከብ አደረገው። ለመጽሐፉ ታማኝ መሆን ማለት ሁልጊዜ ከገጽ አንድ መጀመር አይደለም።

ድክመቱን ሳልደብቅ ልናገር። ጭራቆቹ ብዙ ጊዜ የጎማ መሆናቸው ያስታውቃል። ትወናው አንዳንዴ የትምህርት ቤት ክበብ ነው። ሠፈሩ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ ሣሩ የታጨደ፣ ቤቱ ሰፊ፣ ልጆቹ በአብዛኛው ነጭ። የመጨረሻው ገለበጣም ሲደጋገም ይሰለቻል፤ አሥር ክፍል ያየ ልጅ አሥራ አንደኛውን ቀድሞ ይገምታል። በወር አንድ መጻፍ ዋጋ አለው እኮ።

ከባዱ ተቃውሞ ግን የጥራት አይደለም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1990ዎቹ ከመደርደሪያ ይነሱልን የሚል አቤቱታ በብዛት የቀረበባቸውን 100 መጻሕፍት ሲዘረዝር ጉዝባምፕስ 15ኛ ነበር። ወላጆቹ ያነሱት ሁለት ነገር ነው፤ ልጆችን ያስበረግጋል፣ ደግሞም መናፍስትንና ጥንቆላን ጨዋታ ያደርጋል። የመጀመሪያውን ቀስ ብዬ እመልስበታለሁ። ሁለተኛውን ግን እንደ ኋላቀርነት ማጣጣሉ አይዋጥልኝም። ለአንድ የኦሃዮ ልጅ መንፈስ ማለት የበዓል ልብስ ነው፤ ከረሜላ ይበላበታል። ቡዳ በልቶት ጠበል የተወሰደ ዘመድ ላለው ልጅ፣ ዛር አለባት የምትባል ጎረቤት ላለችው ልጅ ግን ነገሩ ልብስ አይደለም። ያው ጭምብል እዚህ ሲመጣ ይከብዳል። ስለዚህ ይሄንን ተከታታይ ገልብጠን በአማርኛ እንሥራው የሚል ካለ እኔ የለሁበትም።

የምለው ሌላ ነው። እኛ ፍርሃትን ለልጅ መተረክ አናውቅም አይባልም። አያ ጅቦ ማነው? ጭራቅ ማነው? የማታ ተረት እሳት ዳር ሲነገር ልጅ እግሩን ወደ ጋቢው ውስጥ የሚሰበስበው ለምንድነው? አያቶቻችን ልጅን ያስፈሩ ነበር፤ ግን እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ነው የሚያስፈሩት። ቴሌቪዥን ሲመጣ ተረቱን ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ይዘውልን የቆዩት አባባ ተስፋዬ ናቸው፤ ስንት ትውልድ በእሳቸው አፍ ተረት ሰማ። በ2017 ሲያርፉ ያዘነው ለዚያ ነው። ከእሳቸው በኋላ እኛ የወረስነው ግን ምክሩን ብቻ ይመስለኛል። ጅቡን አስወጥተን ምክሩን አስቀረን።

በክፍላችን የሚጻፉትን የልጆች ድራማዎች እስኪ ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። እጅ መታጠብ፣ ወላጅ ማክበር፣ ዛፍ መትከል፣ ትምህርት ማክበር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ልጁ ያጠፋል፣ ይመከራል፣ ይታረማል፣ መዝሙር ይዘመራል። ተመልካቹ ልጅ ወንበር ላይ ይቁነጠነጣል፣ እኛ «የሕፃናት ትኩረት አጭር ነው» እንላለን። ትኩረቱ አጭር አይደለም! ያው ልጅ ቋንቋውን የማያውቀውን ካሴት ትንፋሹን ውጦ ያያል። እኛ ነን የሚፈራውን ነገር ሳናውቅ የሚያውቀውን ነገር የምንነግረው።

«ልጆቻችን በቂ ፍርሃት አላቸው፣ በድራማ መጨመር ለምን?» ያለኝ አንድ መምህር አለ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ጦርነት የሰማ፣ ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ ባለበት አገር ስለ ጎማ ጭራቅ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እኔ የምመልሰው ይሄ ነው፦ ያ ልጅ ፍርሃቱ አለው፣ የሌለው ቅርጽ ነው። በ22 ደቂቃ የሚጀምርና የሚያልቅ፣ በአዝራር የሚጠፋ፣ ከጓደኛ ጋር ተጠጋግተው የሚያዩት ፍርሃት ከዚያኛው ይለያል። ሁሉም ልጅ ይየው አልልም፤ የ5 ዓመት ልጅ ፊት ይከፈት አልልም። ግን የፈራ ልጅ ፊት ስለ ንጽሕና መዘመር ለፍርሃቱ መልስ አይሆንም።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ጉዝባምፕስ ተመልሷል። በ2015 የወጣው፣ ጃክ ብላክ የተወነበት ፊልም ስታይንን ራሱን ገጸ ባሕርይ አደረገው፤ ጭራቆቹ ከድርሳኑ እየወጡ ከተማዋን ያምሳሉ። ይስቃሉ፣ ያስቃሉ፤ የሚያስፈራ ነገር ግን አላገኘሁበትም። በ2023 ዲዝኒ ፕላስ አዲስ ተከታታይ ጀመረ፣ ሁለተኛው ሲዝን በጃንዋሪ 2025 ወጣ። የመጀመሪያው ሲዝን የሚገርም ነገር አድርጓል። ጥፋቱ ያለው ወላጆቹ ዘንድ ነው፤ በ1993 አንድ ልጅ በእሳት ሲሞት የነበሩት እነሱ ናቸው፣ ለዓመታት ደብቀውታል፣ ዕዳው ልጆቻቸው ላይ መጣ። የድሮዎቹ ወላጆች አይሰሙም ነበር፤ የአሁኖቹ ለመስማት የማይፈልጉበት ምክንያት ተሰጣቸው። ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ጭምብሉም አለ፤ ያጠለቀችው ግን ኢንተርኔት ላይ ስሟን ደብቃ ሰው የምትሳደብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ሐሳቡ ቦታውን አግኝቷል። ዋና ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ ግን መኪና የሚነዱ፣ የሚፋቀሩ ወጣቶች ሆነዋል። ሳንድዊቿ ውስጥ ትል የተገኘባት፣ እናቷ የዳክዬ ልብስ የሰፋችላት ትንሽ ልጅ ከአዲሱ ውስጥ የለችም። እሷን የሚጽፍ ሰው ከክፍላችን ቢገኝ ስክሪፕቱን ለማንበብ ወረፋ እይዛለሁ።